ዳኛው ያልቀረጸው ፊልም

ሰው ዓይኑ እያየ ሲዘረፍ ቁጭ ብሎ ያጨበጭባል ብላችሁ ነው? እኔ አጨብጭቤያለሁ። ያውም ከፊት ረድፍ ተቀምጬ፣ የሀገር ልብስ ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ። ከሥር ከመሠረቱ ካልነገርኳችሁ ግን ልጅቷ አብዳለች ስለምትሉኝ ትንሽ ታገሡኝ።

አስቴር እባላለሁ። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ከገበያው ገባ ብሎ አንዲት ጠባብ የቪዲዮ ቤት አለችኝ። ሠርግ፣ ምርቃት፣ የቤተ ክርስቲያን ኮንፈረንስ፣ የመዘምራን ክሊፕ፣ ያገኘሁትን እቀርጻለሁ። ሙሽራን "ኧረ አገጭሽን ቀና አድርጊ፣ ሰው የሞተብሽ አስመሰልሽው እኮ!" ብዬ የምቆጣ ሰው ነኝ። ምላሷ አያድርስ ነው ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ይህን ምላሴን ችለው የኖሩ ሁለት ወንዶች ነበሩ። አንዱ አባቴ ነው። መምህር ዘካርያስ ቢባል በታችኛው ከተማ በሲቀላም፣ በላይኛው በሴቻም የማያውቀው የለም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አማርኛ ሲያስተምር የኖረ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆነ፣ ሰፈር ውስጥ ሰው ሲጣላ ቀድሞ የሚጠራ ሰው ነው። ሁለተኛው ብሩክ ነው። የብሩክ አባት ከጎጃም ተመድበው የመጡ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ እሱ ግን ሴቻ ተወልዶ ሴቻ ነው ያደገው። አባቴ አስተምሮታል። ከትምህርት ቤት ስንለቀቅ ከእኔ ጋር እኛ ቤት ይመጣና የተገኘውን በልቶ፣ አባቴ ሲተርት አዳምጦ ነበር ወደ ሴቻ የሚወጣው። እናቴ በሕይወት ሳለች "ልጄ" እንጂ በስሙ ጠርታው አታውቅም።

የቪዲዮ ቤቱንም የከፈትነው አብረን ነው። እኔ ካሜራና ኤዲቲንግ፣ እሱ ደግሞ ወሬ። ወሬ ስል ንቄው አይደለም፤ ደንበኛ የሚያመጣው፣ ቢሮ ገብቶ ፈቃድ የሚያስፈርመው እሱ ነበር። ካሜራ ሲይዝ ግን ምስሉ ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ይሆናል። እንስቅበት ነበር፤ እሱም አብሮን ይስቃል።

ያኔ ነው ስለ አባያ ዓሣ አጥማጆች ፊልም ለመሥራት የተነሣነው። ሐሳቡ የእኔ፣ ስፖንሰር ፈላጊው እሱ። አባያ ላይ አዞ እንዳለ ታውቃላችሁ፤ ብሩክ ደግሞ ዋና አይችልም። ታንኳ ላይ ውጣ ሲሉት "እኔ ከዳር ሆኜ ነው በደንብ የሚታየኝ" ይላል። ስለዚህ ቶማ የሚባል ዓሣ አጥማጅ በታንኳው ይዞን ይገባል፣ እኔ ቆሜ እቀርጻለሁ፣ አባቴ ደግሞ ከኋላዬ ተቀምጦ እንዳልወድቅ ቀበቶዬን ጨብጦ ይይዘኛል። አዎ፣ አባቴ! "ልጄን ብቻዋን ውኃ ላይ አልለቃትም" ብሎ በጡረታ ዕድሜው ታንኳ ላይ የወጣ አባት ነው ያለኝ።

ፊልሙን ብሩክ አዲስ አበባ ወስዶ አስጨረሰው። ሲወጣ ስሜን "ምስጋና" ከሚለው ሥር፣ ከሆቴሉና ከሹፌሩ ጋር ተደርድሮ አገኘሁት። ደወልኩለት። "አስቱዬ፣ ስፖንሰሮቹ አንድ ስም ብቻ ነው የፈለጉት። እኔና አንቺ ደግሞ ምን እንለያያለን?" አለኝ። እኔ ምላሳሟ፣ ለሱ ሲሆን ቃል ያጥረኛል፤ እሺ ብዬ ዘጋሁት። እሱ በዚያው አዲስ አበባ ቀረ፣ ስም አወጣ፣ አስተማሪም ሆነ። እኔ ወደ ሠርጌ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ቶማን አባያ በላው። ነፋስ ተነሥቶ ታንኳው ተገለበጠ አሉ፤ አስከሬኑ እንኳ አልተገኘም። ሚስቱ ማርታ ዓሣ እየቸረቸረች ልጆቿን ታሳድጋለች። ስለሷ ሌላ ፊልም ጀመርኩ፤ በራሴ ካሜራ፣ ሠርግ በሌለበት ቀን፣ ስንት ጊዜ እየተውኩት ስንት ጊዜ እየቀጠልኩ። በፊልሙ መሐል ቶማ ታንኳው ላይ ሆኖ መረብ ሲጥል፣ ዞሮ እየሳቀ ሲያናግረኝ የሚታይበት ጥቂት ደቂቃ አለ። ያኔ ለመጀመሪያው ፊልም የቀረጽኩት ነው። ቶማ ደህና ፎቶ እንኳ አልነበረውም። እሱ ሲሞት ገና የምትጠባ የነበረችው ትንሿ ልጁ የአባቷን መልክ አታውቅም።

አምና ከተማችን ውስጥ የፊልም ፌስቲቫል ይካሄዳል ሲባል ፊልሜን አስገባሁ፤ ለውድድር ተመረጠልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በትልቁ አዳራሽ ይታያል ተባለ። ሮጬ ማርታ ጋ ሄድኩና "ቶማን ግድግዳ ሙሉ ሆኖ ታዪዋለሽ!" አልኳት። አቅፋኝ ቆየች። ከዳኞቹ አንዱ ብሩክ ነው ሲሉኝ ደግሞ ደስታዬ እጥፍ ሆነ። ያዳላልኛል ብዬ አልነበረም፤ ሥራዬን እንዲያይልኝ ስለፈለግኩ ነው።

ሐሙስ ዕለት መክፈቻው ነበር። ከአባቴ ጋር ከፊት ተቀመጥን። መድረክ መሪው ጉሮሮውን ጠራርጎ "አሁን ደግሞ የተከበሩ ዳኞቻችንን የሙያ ታሪክ እናሰማችኋለን!" አለ። መጀመሪያ የዳኞቹ ሰብሳቢ ዶክተር ሳባ ተዋወቁ፤ የቴአትር መምህርት ናቸው፣ ተማሪ ያፈሩ፣ መድረክ ላይ የኖሩ። ከሳቸው ቀጥሎ በሬዲዮ ድራማ ያረጁ አንድ ሰው ተነሡ። እሳቸውም ተጨበጨበላቸው።

"ሦስተኛው ዳኛችን የራሳችን ልጅ ነው!" ሲል አዳራሹ በፉጨት ተናወጠ። እኔም በሁለት ጣቴ አፏጨሁ።

"ብሩክ ሙያውን የጀመረው እዚሁ ከተማ የቪዲዮ ቤት በመክፈት ነው።" እሺ፣ እኔስ? አልኩ በሆዴ፣ ፈገግ እያልኩ። "ስለ አባያ ዓሣ አጥማጆች የሚተርከውን ፊልም በድርሰት፣ በካሜራ፣ በኤዲቲንግና በዝግጅት ብቻውን የሠራ ሲሆን፣ በተለይም አዞ በሞላበት ሐይቅ ላይ፣ ታንኳ ላይ ቆሞ የቀረጻቸው ትዕይንቶች የባለሙያዎችን አድናቆት አትርፈዋል!"

ታንኳ ላይ ቆሞ!

ክው አልኩ። እጄ ግን ማጨብጨቡን አላቆመም፤ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ እጅ በራሱ ይሄዳል። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። መድረክ መሪው አላበቃም፤ "የጥበብን ፍቅር በልቡ የዘሩት የአማርኛ መምህሩ፣ ታላቁ መምህር ዘካርያስ ዛሬ አብረውን ይገኛሉ!" ብሎ ጮኸ። ብሩክ ከመድረክ ወርዶ መጣና የአባቴን ጉልበት ሳመ። አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ ቆመ። አባቴ እጁን እያውለበለበ ዞር ዞር ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ስንቀመጥ ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ "አባዬ፣ ያሉትን ሰማህ? ታንኳ ላይ ቆሞ አሉ እኮ!" አልኩት።

"ሰማሁ እንጂ" አለኝ፣ እንባውን በመሐረቡ እየጠረገ። "ስሜን ጠሩኝ እኮ፣ ልጄ።"

አልገባውም ብዬ አለፍኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ብሩክን ሳገኘው በጆሮው እጎትተዋለሁ፣ ያስተካክላል፣ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

አርብ አመሻሽ ላይ ስልኬ ጮኸ። የፌስቲቫሉ አስተባባሪ ናትናኤል ነበር። ድምፁ ለቅሶ ቤት የሚያወራ ሰው ድምፅ ነው።

"አስቱ፣ ተረጋግተሽ ስሚኝ። ፊልምሽ ከውድድር ወጥቷል። አይታይም።"

"ምን?"

"ውስጡ ያለው የዓሣ አጥማጁ ምስል ከዳኛው ፊልም የተወሰደ ነው ተባለ። የሰው ሥራ ያለ ፈቃድ... ያው ገብቶሻል።"

"የቱ ዳኛ ነው ያለው?"

"እሱን ተይው፣ አስቱ" አለ። ደሜ ፈላ። ስልኩን ዘግቼ የሴቻ ታክሲ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ሽቅብ እስክንወጣ ድረስ አጠገቤ የነበሩት እናት "ደህና ነሽ፣ ልጄ?" እያሉኝ ነበር። ለካ ብቻዬን እያወራሁ ኖሯል።

ብሩክ ያረፈበት ሆቴል በረንዳ ላይ፣ ሁለቱን ሐይቆች ቁልቁል እያየ ማኪያቶ ይጠጣል። ሲያየኝ ብድግ አለና እጁን ዘረጋ። "አስቱዬ!"

"አስቱዬህን እዚያው! ፊልሜን አንተ ነህ ያስወጣኸው?"

"ቁጭ በይ እስኪ መጀመሪያ። ያነሡት ዶክተር ሳባ ናቸው። 'ይኼ ያንተ ፊልም ላይ ያለው ሰውዬ አይደለም ወይ?' አሉኝ። ምን ልበላቸው?"

"እውነቱን ነዋ!"

"እውነቱን ብል ትናንት በሰው ሁሉ ፊት የተነበበው ምን ሊባል ነው? አስቢው እንጂ። ለዳኝነት የጠሩኝ በዚያ ፊልም ነው። የማስተምርበት ቦታ የተቀጠርኩት በዚያ ፊልም ነው። አንዷን ጡብ ብትነቅያት ቤቱ ይወርዳል።"

"እና እኔ ሌባ ልባል?"

"ሌባ ያለሽ የለም። 'ቴክኒካዊ ችግር' ነው የሚባለው። ደግሞ የሙያ ታሪኩን የማያሳምር ማን አለ? የሌሎቹስ ሁሉ እውነት ይመስልሻል?"

"እኔ ታንኳ ላይ ቆሜ ጉልበቴ ሲብረከረክ አንተ ዳር ላይ ተቀምጠህ ሙዝ ትልጥ ነበር እኮ፣ ብሩክ!"

"ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል" አለኝ፣ ዙሪያውን እያየ። ልቤ የተሰበረው ያኔ ነው። የሥራዬን መወሰድ ትቶ የድምፄን መጉላት ነበር የፈራው።

ሌላ ቃል ሳልጨምር ተነሣሁና ዶክተር ሳባን ፈልጌ በሆቴሉ እንግዳ መቀበያ አገኘኋቸው። ኮስታራ ሴት ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። "ያልተቆረጠው ቅጂ ሃርድ ዲስኬ ላይ አለ" አልኳቸው። "ቶማን በጋሞኛ የማናግረው እኔ ነኝ። ሳቁም ለኔ ነው። ብሩክ ጋሞኛ ሰላምታ እንኳ በወጉ አይችልም። የአባቴም ድምፅ አለ፤ 'ያዝኩሽ፣ አይዞሽ፣ ያዝኩሽ' ይላል።"

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። "በጆሮዬ ከሰማሁ ይበቃኛል። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት አዳራሹ ይምጡ፣ ሦስታችንም ዳኞች ባለንበት እናየዋለን። እንዳሉት ከሆነ ፊልሙ ከሰዓት ይታያል። የዳኛውን ጉዳይ ደግሞ እኛ እናውቃለን።"

እየበረርኩ ቤት ገባሁ። አባቴ ራት ቀርቦለት ነበር። እጄን ሳልታጠብ ጀመርኩለት፤ የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩት። "አንተም አብረኸኝ ትመጣለህ። ድምፅህ አለበት፤ ከአንተ የበለጠ ምስክር ከየት አመጣለሁ?" አልኩት።

እጁ ላይ የነበረውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። "ብሩክ ምን ይደረጋል?"

"እኔ ምን አገባኝ? የሚደረገውን ይደረግ።"

"በሰው ፊት ይዋረዳል እኮ።"

"እኔስ፣ አባዬ?"

የጸሎት ፕሮግራም አለብኝ ብሎ ኮቱን ደርቦ ወጣ። ደንግጦ ነው፣ ብሩክን እንደ ልጁ ስለሚያየው አዝኖ ነው፣ አልኩ። ሃርድ ዲስኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከባጃጅ ወርጄ ወደ አዳራሹ ስጠጋ በሩ ላይ ሽማግሌዎች ቆመው አየሁ። ጋቢ የለበሱ፣ በትር የያዙ። የፌስቲቫሉ የክብር እንግዶች መስለውኝ በሁለት እጄ ሰላም ልል ጎንበስ ስል፣ እነሱ ቀድመውኝ ጎንበስ አሉ። ከዚያ አንድ በአንድ መሬት ላይ ተንበረከኩ። በሁሉም እጅ እርጥብ ሳር አለ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከፊትህ ከተንበረከከ አለቀ። ዱላ ያነሣ ዱላውን ይጥላል፣ ድንጋይ የጨበጠ ይለቃል። ለበቀል የወጣ ጎረምሳ መንጋ ሳሩን አይቶ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ጴንጤ ነኝ፣ ዘመናዊ ነኝ፣ ዲግሪ አለኝ ብሎ ነገር የለም። ሳሩን ረግጦ ያለፈ ሰው በማግስቱ ማን ቤት ገብቶ ውኃ ይጠጣል?

ከፊት የተንበረከኩትን አውቃቸዋለሁ፤ አቶ ዳና ናቸው፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት። "ልጄ" አሉኝ፣ ሳሩን በሁለት እጃቸው ወደ እኔ ዘርግተው፣ "ከወንድምሽ ጋር ተጣልታችኋል አሉን። በእንግዳ ፊት ልታዋርጂው ነው አሉን። ተይ። ነገር በቤት ይለቅ።"

"ማን ነው ያላችሁ?" አልኩ።

ያኔ ነው ከዳር የተንበረከከውን ያየሁት። አንገቱን ደፍቷል። ጉልበቱን ስለሚያመው አንድ እጁን መሬት ላይ ተደግፏል፤ በሌላው ሳር ይዟል። አባቴ ነው።

"አባዬ!" ብዬ ጮህኩ። "አንተ ደግሞ እዚህ ምን ትሠራለህ? ተነሥ! ኧረ በኢየሱስ ስም ተነሥ!"

"ስትተዪው እነሣለሁ" አለ። ቀና ብሎ አላየኝም።

የአዳራሹ በር ከኋላቸው ክፍት ነው። ውስጥ ዶክተር ሳባ ሰዓታቸውን እያዩ እንደሚጠብቁኝ አውቃለሁ። ሃርድ ዲስኩ ያለበት ቦርሳ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሏል። አባቴን ዞሬ ማለፍ ነበረብኝ፤ ያን ያህል ነው። እናንተ ብትሆኑ ታልፉ ነበር? እስኪ እውነቱን ንገሩኝ። እኔ አልቻልኩም። እያለቀስኩ ሄጄ መጀመሪያ አባቴን ከመሬት አነሣሁት፣ ከዚያ ሌሎቹን። "ተነሡልኝ፤ ትቼዋለሁ" አልኩ።

በዚህ ጊዜ ብሩክ ከአዳራሹ ብቅ አለ። ዓይኑ ቀልቷል። አቅፎኝ አለቀሰ፤ በሽማግሌዎቹ ፊት "እህቴ ናት። ያጠፋሁትን ሁሉ አስተካክላለሁ" አለ። ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘርግተው መረቁን። ቀጥሎ "እኔ ገብቼ እነግራቸዋለሁ፣ አንቺ ቲቸርን ወደ ቤት ውሰጂያቸው፣ ደክሟቸዋል" አለኝ። አመንኩት። በሽማግሌ ፊት ቃል የገባ ሰው እንዴት አይታመንም?

ከምሳ በፊት ናትናኤል ደወለ። "አስቱ፣ ነገሩን በጨዋነት ስለጨረስሽው እናመሰግናለን።"

"ፊልሙ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚታየው?"

"የቱ ፊልም? ብሩክ እኮ ቅሬታዋን ትታለች፣ ፊልሙም እንዲወጣ ተስማምታለች አለን። ዶክተርም ጠብቀውሽ ሳትመጪ ስትቀሪ አምነውታል።"

ጨርቄን ጥዬ ማበድ ነበር የቀረኝ። ዶክተር ሳባ ጋ ደወልኩ። "ወይዘሪት አስቴር፣ ሦስት ሰዓት ጠብቄዎት ነበር" አሉ ቆፍጠን ብለው። "ማስረጃ ያለው ሰው አይቀርም። አሁን የሚጨምሩት ነገር አለ?" ነበረኝ። ግን ትቼዋለሁ ብያለሁ፤ ሳሩ ፊት ብያለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሴ አፌ ውስጥ ደረቀ። "የለኝም" አልኳቸው።

ከሁሉ የከፋው ግን ከሰዓት የሆነው ነው። ለማርታ ማንም አልነገራትም፤ እኔም በድንጋጤዬ ዘንግቼያት ነበር። ከልጆቿ ጋር አዳራሹ በር ላይ ደረሰች። ልጆቹ ገላቸውን ታጥበው፣ ቅባት ተቀብተው፣ ትንሿ አዲስ ነጭ ካልሲ አድርጋለች። ማርታ እራሷም ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የምትለብሰውን ነጠላ ለብሳለች። ሮጬ ደርሼ በጋሞኛ ነገርኳት። እንደማይታይ። ለምን እንደሆነ ግን መናገር አልችልም ነበር።

ማርታ አልጮኸችም፤ ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። "ቶማ አይመጣም ማለት ነው?" ብቻ አለችኝ። የልጆቿን እጅ ይዛ ዞረች። ትንሿ ወደ ኋላ እያየችኝ ሄደች።

ማታ መዝጊያው ላይ አልተገኘሁም። አባቴ ግን ተጋብዞ ሄደ! ተመልሶ ሲገባ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

"ታንኳው ላይ እንደነበርክ ረሳኸው?" አልኩት።

"አልረሳሁም።"

"ቀበቶዬን ማን ነበር የያዘው?"

"እኔ ነኝ።"

"ታዲያ እያወቅክ?"

ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። "ሠላሳ ምናምን ዓመት አስተማርኩ፣ አስቴር። ከንቲባ የሆነ አለ፣ ዶክተር የሆነ አለ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ መስታወት ዘግተው ነው የሚያልፉት። ከስንቱ መሐል ስሜን መድረክ ላይ ያስጠራ እሱ አንድ ብቻ ነው። በማግስቱ የዚያ ልጅ ታሪክ ውሸት ነው ሲባል፣ የኔስ ስም አብሮ አይወርድም? ደግሞ መጥቶ ለመነኝ፤ እግሬ ላይ ወድቆ ሽማግሌ ይላኩልኝ አለኝ። ምን ላድርግ?"

የኔን ስም የወሰደው ታሪክ ለሱ ስም ሰጥቶታል። ያ ነው ነገሩ። ከዚያ ማታ ጀምሮ አንድ ቤት እየኖርን በላህ ወይ፣ ጠጣህ ወይ ከማለት በቀር ብዙም አናወራም ነበር።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ ላፕቶፔን ይዤ ማርታ ቤት ሄድኩ። ግድግዳ ሙሉ ባይሆንም ይዩት ብዬ ያልተቆረጠውን ከፈትኩላቸው። ቶማ ሲስቅ ትንሿ ልጅ ወደ ስክሪኑ ተጠግታ በጣቷ ጥርሱን ነካች። ማርታ እያለቀሰች ስትስቅ ድንገት ቆም አለችና "ይኼ 'ያዝኩሽ፣ ያዝኩሽ' የሚለው መምህር ዘካርያስ አይደሉም እንዴ?" አለችኝ። ናቸው አልኳት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ማርታ ግን ሞኝ አይደለችም፤ አቶ ዳና ደግሞ የእናቷ ወንድም ናቸው።

በማግስቱ አቶ ዳና በትራቸውን ተደግፈው ሱቄ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው። የታንኳውን ምስል አሳዪኝ አሉ፤ አሳየኋቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

"እኛ ሳር የምንይዘው ለተጣላ ሰው ነው" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ ተዘርፈሽ ነበር። የተዘረፈ ሰው መጀመሪያ ዕቃው ይመለስለታል። ይህን አልነገሩንም። 'ትቼዋለሁ' ያልሽውን ቃልሽን መልሼልሻለሁ፤ ለፈለግሽው ተናገሪ።"

"ብሩክ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፣ አባ" አልኳቸው።

አቶ ዳና አተኩረው አዩኝ። "ብሩክ የሚሉትን ልጅ እኔ የዚያን ቀን በር ላይ ነው ያየሁት። አርብ ማታ ቤታችን ድረስ እየዞረ፣ አንድ በአንድ እያንኳኳ ተነሡልኝ ያለን አባትሽ ነው። ልጁ 'ይቅር፣ የመጣው ይምጣ፣ ነገ ጥፋተኛው እኔ ነኝ እላለሁ' እያለ አስቸግሮኛል ሲለንም ነበር። እኛ ልጁ ትሑት ነው ብለን ወደድነው።"

ብሩክ ሊናገር ነበር! የከለከለው አባቴ ነው። እግሬ ላይ ወድቆ ለመነኝ ያለኝም ውሸት ነው። አቶ ዳና ሊወጡ ሲሉ "እንግዲህ ሳር ይዞ የዋሸ ሰው ከእኛ ጋር አይወጣም። ነገሩን በአደባባይ ካነሣሽው አባትሽን አንጠራውም። ካላነሣሽው እኔም አልሰማሁም። ያንቺ ፈቃድ ነው" ብለውኝ ሄዱ።

ይኸው አነሣሁት። ብዙ አሰብኩበት፣ ብዙ ጸለይኩበት። ዛሬ ሠርግ ስቀርጽ እንኳ ካሜራውን እንደከፈትኩ "አስቴር ነኝ፣ የምቀርጸው እኔ ነኝ" ብዬ ድምፄን አስገባለሁ፤ ሙሽሮቹ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ። እናንተም የዳኛ ይሁን የሹም የሙያ ታሪክ ሲነበብላችሁ እስኪያልቅ ሳትሰሙ አታጨብጭቡ። አብሮት የሠራ ሰው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ብሩክን ይቅር ብዬዋለሁ ወይ ብትሉኝ፣ ወደዚያ እየሄድኩ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሌሊት አፍሮ ነበር። የአባቴን ግን እንዴት እንደማደርገው እስካሁን አላወቅኩም።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለአባቴ አነበብኩለት። ሙሉውን። አንድም ቦታ አላቋረጠኝም፣ እንዲህ አልሆነም አላለኝም። ስጨርስ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ።

"ከዚህ በኋላ ሽማግሌዎቹ አይጠሩኝም" አለ።

"አይጠሩህም።"

"ቤተ ክርስቲያንም ይሰማል።"

"ይሰማል፣ አባዬ።"

መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ በዚያ ክፍል ሙሉ ተማሪ ሲያስተምርበት በነበረ ድምፁ ሳይሆን፣ ሰምቼበት በማላውቀው ቀጭን ድምፅ፣ "እንግዲያው ስሜን ለውጪልኝ" አለኝ። "ሌላ ስም አድርጊበት።"

አልለወጥኩትም።